ትልቁን ጦርነት ከጠረጴዛው ላይ አታንሱብን

«ትልቅ ጦርነት በሚና ጨዋታ ውስጥ አይሠራም፤ ተርኩትና እለፉ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ይህ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ግን በፍጹም አልተዋጠልኝም። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ለወራት ሲጫወት ይከርማል። ታሪኩ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ወደሚገናኝበት ቀን ይደርሳል። ያኔ አጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ ዳይሱን አስቀምጦ ማን እንዳሸነፈ በአምስት ደቂቃ ይናገር ነው የሚሉት።

ምክንያታቸው አምስት ነው። አንደኛ፣ ጨዋታው የተሠራው ለጥቂት ጀብደኞች እንጂ ለሠራዊት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁለት መቶ ጎብሊን (በምናብ ታሪክ ያሉ ትንንሽ ክፉ ፍጡራን) ካለ ሁለት መቶ ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ ሌሊቱ በሒሳብ ያልቃል። ሦስተኛ፣ አንድ አስማተኛ ሠራዊቱን በእሳት ኳስ ስለምትፈጀው ጦርነቱ ትርጉም ያጣል። አራተኛ፣ በሺዎች መሀል የአራት ሰው ሥራ አይታይም። አምስተኛ፣ ዳይሱ በተጫዋቾቹ ላይ ከፈረደ የወራት ታሪክ ገደል ይገባል።

በየተራ ልመልስ። ሁሉም እኩል ክብደት ስለሌላቸው አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ጨዋታው ለሠራዊት አልተሠራም የሚለው ከራሱ ከጨዋታው ታሪክ ጋር ይጣላል። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ እጽፋለሁ።) በ1969 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ፣ ዴቪድ ዌስሊ የናፖሊዮን ዘመን ጦርነት የሚጫወቱ ጓደኞቹን ሰበሰበ። እንደወትሮው ሁሉንም የጦር አዛዥ አላደረጋቸውም። በአንዲት ከተማ ውስጥ የሚኖሩ፣ የየራሳቸው ዓላማ ያላቸው ሰዎች አደረጋቸው። ከዚያ ቡድን የወጣው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ይዞ ብላክሙር የሚባለውን ምናባዊ አገር ፈጠረ። በ1971 ደግሞ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ቼይንሜይል የተባለውን የመካከለኛው ዘመን የጦር ጨዋታ ደንብ አወጡ። በደንቡ መጨረሻ ላይ ዘንዶና አስማት የተጨመረበት ክፍል አለ። አንዲት ትንሽ ምስል ሃያ ወታደር ወክላ ትቆማለች። «ጀግና» የተባለው ደግሞ ብቻውን እንደ አራት ሰው ይዋጋል። በ1974 ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲወጣ፣ በሽፋኑ ላይ ራሱን ያስተዋወቀው የምናባዊ መካከለኛ ዘመን የጦር ዘመቻ ደንብ ነኝ ብሎ ነው። ዘጠነኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ምሽግ ሠርቶ፣ ጭፍራ ሰብስቦ፣ አገር ይገዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ስለዚህ ጦር ሜዳው ለጨዋታው እንግዳ አይደለም። የትውልድ ቦታው ነው።

እዚህ ላይ ግን በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በኋላ የወጡት የጦርነት ተጨማሪዎች፣ ለምሳሌ የ1985ቱ ባትልሲስተም፣ ሌላ ራሱን የቻለ ጨዋታ ይዘው መጡ። ለወራት አንዲት ሌባ ሆና የተጫወተች ሴት በጦርነቱ ቀን ድንገት የእግረኛ ሰልፍ ገፊ ትሆናለች። አዲስ ደንብ፣ አዲስ ሠንጠረዥ፣ አዲስ ሚና። ቢሰለቻት አይፈረድባትም። ጸሐፊው ይህን መሰላቸት አይተው ጦርነቱ ራሱ ይቅር አሉ። እኔ ግን ሌባዋ ሌባ እንደሆነች ወደ ጦር ሜዳው ትግባ ነው የምለው።

የሁለተኛው ነጥብ ጉዳይ ጊዜ ነው። ብዙ አጫዋች የሚፈራውም ይህንኑ ነው። ለሁለት መቶ ጎብሊን አንድ በአንድ ዳይስ የሚጥል ካለ በእርግጥም ሌሊቱ ያልቅበታል፤ ተጫዋቾቹም ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ግን እንዲህ አድርጉ ብሎ የሚያዝ ደንብ የለም። የ2014ቱ የአጫዋች መመሪያ ራሱ ለብዙ ጠላት የሚሆን አጭር ሠንጠረዥ አስቀምጧል። ከተመቺው የጥሩር ቁጥር (ለመመታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው) ላይ የመቺውን የማጥቂያ ጭማሪ (ሲመታ በዳይሱ ላይ የሚደመርለትን) ትቀንሳላችሁ። የሚቀረው ቁጥር ለመምታት በባለ 20 ጎን ዳይስ መውጣት ያለበት ነው። ከ6 እስከ 12 ከሆነ ከሁለት አጥቂ አንዱ ይመታል። 13 ወይም 14 ከሆነ ከሦስት አንዱ። 15 ወይም 16 ከሆነ ከአራት አንዱ። ዳይስ አይጣልም።

እስቲ በቁጥር እንየው። የአምስተኛ ደረጃ ተዋጊ አለን። ጥሩር ለብሷል፣ ጋሻ ይዟል፤ የጥሩር ቁጥሩ 18 ነው። ደህና ጤና ካለው 44 ገደማ የሕይወት ነጥብ ይኖረዋል። ሠላሳ ጎብሊኖች ቀስት ገትረው ፊት ለፊቱ ቆመዋል። የማጥቂያ ጭማሪያቸው 4 ነው። 18 ሲቀነስ 4፣ 14። ከሦስት አንዱ ይመታል፤ አሥር ቀስት ሰውነቱ ላይ ያርፋል። አንዱ ቀስት በአማካይ 5 ነጥብ ይጎዳል። ጠቅላላው 50። ያ ሁሉ ወራት የተለፋበት ጀግና በአንድ ዙር፣ ማለትም በስድስት ሰከንድ ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። ሠንጠረዡ አጋነነ እንዳይባል ደግሞ እያንዳንዱን በዳይስ ብትጥሉት አማካዩ አሥር ተኩል ነው የሚመጣው። ይህን ለማስላት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ጠረጴዛ ላይ በቁጥር ይታያል። ተጫዋቾቹም ወዲያው ይገባቸዋል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ዘው ብሎ መግባት የለም።

ቁጥሩ ወደ ብዙ መቶዎች ሲወጣ ይህም አይበቃም። እኔ ያኔ ሠራዊቱን መቶ በመቶ እከፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ መቶ አንድ ትንሽ ካርድ አዘጋጃለሁ። በካርዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፋል፤ ጉልበቱ፣ ወኔው፣ የመሪው ስም። የጦርነቱን ቀን በአራት ወይም በአምስት ምዕራፍ እከፋፍለዋለሁ። በየምዕራፉ የተጋጠሙት ሁለት መቶዎች በየፊናቸው አንድ ባለ 20 ጎን ዳይስ ይጥሉና ጉልበታቸውን ይደምሩበታል። ቦታ የያዘ ትንሽ ይጨመርለታል። የተሸነፈው ወኔው ይፈተናል። የሠራዊቱ ጉዳይ በጥቂት ደቂቃ ያልቅና የቀረው ሰዓት ሁሉ የተጫዋቾቹ ይሆናል።

ወኔ ያልኩትን ላብራራ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በ1981 በወጣው የጨዋታው መሠረታዊ እትም እያንዳንዱ ፍጡር የወኔ ቁጥር አለው። ከመሀላቸው የመጀመሪያው ሲሞት፣ ከዚያም ግማሹ ሲወድቅ፣ አጫዋቹ ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ይጥላል። ድምሩ ከወኔያቸው ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። የጎብሊን ወኔ 7 ነው። ንጉሣቸው አጠገባቸው ካለ ወደ 9 ከፍ ይላል። በኋለኞቹ እትሞች ይህ ደንብ ወደ ዳር ተገፋ፤ እንደኔ ትልቅ ጉድለት ነው። ጦርነት የመጨረሻው ሰው እስኪሞት አይቆይም። ገና ብዙ ሰው ቆሞ ሳለ አንዱ ወገን ፊቱን ያዞራል። ጸሐፊው ሁለት መቶውን ሁሉ መግደል አለብን ብለው ስለተነሡ ነው ሌሊቱ ያለቀባቸው።

ወደ እሳት ኳሱ ልምጣ። ይህን ክርክር ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ውሃ አያነሳም። ኳሱ የሚፈነዳው በ20 ጫማ ዙሪያ ነው። በአማካይ 28 ነጥብ ይጎዳል። ጎብሊን ያለው 7 ነጥብ ስለሆነ ግማሹን ቢያመልጥ እንኳን አይተርፍም። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከቆሙ ሃምሳ ያህሉ ይረግፋሉ። እውነት ነው፣ አሰቃቂ ነው። ግን የአምስተኛ ደረጃ አስማተኛ ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ አረፍ ብላ ኃይሏን ከመለሰች ሦስት ጊዜ ነው የምታደርገው። ስድስት መቶ ሰው ከመጣባት ሁለቱን ኳስ በደንብ ብታሳርፍ እንኳ አምስት መቶ ይቀራል።

የተቀረው አምስት መቶ ደግሞ ተጠግቶ አይጠብቃትም። የመጀመሪያው ኳስ እንደፈነዳ ይበታተናል። ያው መመሪያ በተለመደ ውጊያ እንዲህ ያለ ኳስ አራት ያህል ሰው እንደሚያገኝ ነው የሚገምተው። ኳሷን ለመወርወር ደግሞ እስከ 150 ጫማ መቅረብ አለባት። ትልቁ ቀስት በ150 ጫማ ያለ ችግር ይመታል፤ ዒላማው ቢከብደውም እስከ 600 ጫማ ይደርሳል። እሷ ያላት 30 ምናምን የሕይወት ነጥብ ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ለእሷ ሥሩትና ምን እንደሚደርስባት እዩት።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኳሱን የፈራ ጦር ተበታትኖ ይሄዳል። ተበታትኖ የሚሄድ እግረኛ ደግሞ ለፈረሰኛ ሲሳይ ነው። ስለዚህ አስማተኛዋ ሃምሳ ሰው ብቻ አይደለም የገደለችው፤ የጠላትን አሰላለፍ አፍርሳለች። የወዳጅ ፈረሰኛ የሚመራው ተጫዋች ይህን አይቶ ከገባበት ጦርነቱ ተገለበጠ። ጠላት በበኩሉ አስማቷን የሚያከሽፍ ሰው ካለው፣ ያ ሰው እስከ 60 ጫማ ድረስ ሊጠጋት ይገባል። እንግዲህ እሱን ማን አይቶ ይጠብቀው? የሌባዋ ሥራ ተገኘ። ጸሐፊው ትርጉም ያሳጣል ያሉት አስማት እንደኔ ለጦርነቱ ትርጉም የሚሰጠው ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አስማተኛዋ 17ኛ ደረጃ ደርሳ ከአንድ ማይል ርቀት ተወርዋሪ ኮከብ ማውረድ ስትጀምር ተራ ሠራዊት አይቋቋማትም። እዚያ ደረጃ ላይ የጸሐፊው ቃል ልክ ነው። አብዛኛው ጠረጴዛ ግን እዚያ አይደርስም።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። በሺዎች መሀል የአራት ሰው ሥራ አይታይም? የጦርነት ታሪክ ሰምቶ ያደገ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ዓድዋን ከጨዋታ ጋር ላወዳድር አይደለም፤ ግን የሚያስተምረን ነገር አለ። በ1888 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ መቀሌ ላይ የጣልያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ መሽጎ በመድፍ ሲከላከል፣ ነገሩን የቆረጠው ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከምሽጉ ውጪ ያለው ምንጭ እንዲያዝ አደረጉ። የተከበበው ጦር ጥሙን አልቻለምና በመጨረሻ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ወደ ዓድዋ ስንመጣም፣ የጣልያኑ ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። የተሰጠው ካርታ የተሳሳተ ነበር። ወደፊት ገፍቶ ሄደና ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተጋፈጠ። ከዚያ ቀደም ደግሞ ባሻ አውዓሎም ሐረጎት የኢትዮጵያ ጦር ተበታትኗል የሚል ወሬ ለጣልያኖቹ እንዳደረሱ ሁላችንም እንሰማለን።

አንድ ምንጭ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ወሬ። እነዚህ እኮ አራት ሰው የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው። ማታ ሾልኮ ምንጭ መያዝ፣ መንገድ መሪውን ማሳሳት፣ መልእክተኛን ማስቀረት፣ ለጠላት አዛዥ የውሸት ወሬ ማቀበል። የሚና ጨዋታ ተጫዋች ከዚህ ሌላ ምን ሲሠራ ነው የኖረው?

በእኛ ጠረጴዛ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የድንጋይ ድልድይ ነበር። በዚያ ማዶ ስድስት መቶ ጎብሊን፣ በዚህ ማዶ ጦር የያዙ ሁለት መቶ ገበሬዎች። ከድልድዩ ላይኛው ወገን ውሃው የሚሳሳበት መሻገሪያ አለ። ከኋላ ደግሞ ሕፃናትና አረጋውያን የጫኑ ጋሪዎች ከመንደሩ እየወጡ ነው። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። ሁሉንም ቦታ መሸፈን እንደማይችሉ ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት። ጭቅጭቁ ከባድ ነበር። በመጨረሻ ተዋጊው ድልድዩን ያዘ። አስማተኛዋና ካህኑ ወደ መሻገሪያው ወረዱ። ለጋሪዎቹ ሰው ይመደብ አይመደብ ሲባባሉ ሌባዋ «ከበሮው የት ነው ያለው?» አለች።

ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ ጎብሊኖቹ በገፉ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፌ እመታ ነበር። ካርዴ ላይ ከበሮው እስከተመታ ድረስ ወኔያቸው 9 እንደሆነ ጽፌያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እሷ ሰማችው። በድልድዩ ሥር በውሃው ውስጥ ሄዳ፣ ከጎብሊኖቹ ጀርባ ወጥታ፣ የከበሮውን ቆዳ በጩቤ ሰነጠቀችው። መምታቴን አቆምኩ። በዚያው ምዕራፍ ድልድዩ ላይ ያለው መቶ ተሸነፈና ወኔው ተፈተነ። ሁለቱን ዳይስ ሁሉም እያዩ ጣልኩ፤ 5 እና 3። ድምሩ 8። ከበሮው ቢኖር ኖሮ በ9 ወኔ ይቆሙ ነበር። ያለ ከበሮ ወኔያቸው 7 ነውና ዞረው ሮጡ። ከኋላቸው የሚመጣውን መቶም ይዘውት ሄዱ። ገበሬዎቹ በጦርነቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደፊት ተራመዱ።

ድልድዩ ተረፈ። ለጋሪዎቹ ግን ሰው አልነበረም። በመሻገሪያው ሾልኮ ያለፈ ቡድን ሁለቱን ጋሪዎች ከነሰዎቹ ወሰዳቸው። ይህንንም ዳይሱ ነው የወሰነው፤ ምርጫው ግን የእነሱ ነበር። ሁሉም ምን እንዳዳኑና ምን እንዳጡ ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን ነገር አምስት ደቂቃ ተረክ አያመጣውም።

የመጨረሻው ነጥብ የሽንፈት ፍርሃት ነው። ዳይሱ ቢፈርድባቸውስ፣ ታሪኩ ሊያልቅ ነው? ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የተሸነፈ ጦር ሁሉ አይሞትም። ይሸሻል፣ ይማረካል፣ ቤዛ ይጠየቅበታል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን ሁለተኛ በ1356 ፖቲዬ ላይ በእንግሊዞች ተማርኮ፣ በኋላ 3 ሚሊዮን ኤኩ ቤዛ ተቆርጦበታል። አገር እስኪናጋ። አንድ የተማረከ ንጉሥ፣ የሚሰበሰብ ቤዛ፣ ዙፋኑን የሚያይ ዘመድ፤ ከዚህ በላይ ለወራት የሚበቃ ጨዋታ ከየት ይመጣል? አጫዋቹ ከጦርነቱ በፊት ሦስት ነገር ማሰብ አለበት። የተሸነፉት በየት በኩል ይወጣሉ? ጠላት ከሰው ይልቅ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ማን በሕይወት ቢያዝ ይጠቅመዋል? ይህ ከተዘጋጀ ዳይሱ የፈለገውን ይፍረድ። የእኛዎቹ አሁንም እነዚያን ሁለት ጋሪዎች ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ካሸነፉበት ድልድይ ይልቅ የጠፉት ጋሪዎች ናቸው ብዙ መንገድ ያስኬዷቸው።

ተረኩ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ገጸ ባሕርያቱ ሌላ አገር ሳሉ፣ ምንም ሊያደርጉ በማይችሉበት ቦታ የተደረገ ውጊያ ከሆነ በመልእክተኛ አፍ ይነገርና ይለፍ። እነሱ ባሉበት ሲሆን ግን አይሆንም። ክረምቱን ሙሉ ተራራ ለተራራ ዞረው ድንክዬዎቹን ለምነው ያመጡ ሰዎች ናቸው። የተጣሉ ሁለት መሳፍንትን አስታርቀዋል። ከደን ቀስተኞች ጋር ተማምለዋል። ጸሐፊው ለእነዚህ ሰዎች ውጤቱን በቃላቸው ሊነግሯቸው ነው። ከክረምቱ ልፋት የትኛው ጠቀማቸው፣ የትኛው አልጠቀማቸውም? በተረክ ሲነገራቸው ይህን አያውቁትም። እኔ ላመጡት ረዳት ሁሉ አንድ ካርድ እሠራለሁ። መቶ ድንክዬ መጥረቢያ ይዞ፣ ጉልበት 5፣ ወኔ 10፣ መሪው ያሳመኑት ሽማግሌ። በጦርነቱ ጠዋት ካርዱን በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ በግራ ይሁን በቀኝ ወይስ በደጀን፣ እነሱ ያሰልፉታል።